ስክሪን ላይ ያማረ ፕላን ወረቀት ላይ ለምን ይበላሻል? የአውቶካድ የመስመር ውፍረት ከሀ እስከ ፐ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፎርማን ከሳይት ደወለልኝ። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ «ኢንጂነር፣ ግድግዳው የትኛው ነው?» አለኝ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። የላክሁለት ተራ የምድር ወለል ፕላን ነው። እኔ ስክሪን ላይ ግድግዳው በሰማያዊ፣ ሴራሚኩ በግራጫ፣ ሶፋው በቢጫ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱ እጅ ላይ ያለው ወረቀት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁሉም መስመር ጥቁር፣ ሁሉም እኩል ውፍረት። የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ፣ ግድግዳውና የልኬት መስመሩ ተደባልቀው የዓሣ መረብ መስለዋል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሥዕሉን በፍላሽ ለማተሚያ ቤት ስሰጥ፣ የትኛው ቀለም በስንት ውፍረት እንደሚታተም የምትናገረዋን ትንሽ ፋይል አብሬ አልሰጠሁም። ዛሬ የምንሠራው እሷን ነው። አንዴ በደንብ ከተሠራች ለዓመታት ታገለግላለች።

አንድ ነገር ላስቀድም። የአውቶካድን (የሥዕል መሥሪያ ሶፍትዌሩን) ትእዛዞችና የመስኮቶቹን ስሞች እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ኮምፒዩተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በመሃል ክፍተት ሳትተዉ ነው የምትጽፏቸው።

ለምሳሌ የምንይዘው አንድ ጂ+1 መኖሪያ ቤት ነው። ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ስፋቱ 9 ሜትር። በ1:50 ሲታተም 24 በ18 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ኤ3 ወረቀት 42 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከነልኬቱና ከነርዕስ ሳጥኑ ይበቃዋል።

ቀለም ከውፍረት ጋር ምን አገናኘው?

አዲስ ተማሪ ሁሉ ይህን ይጠይቃል። ደግሞም ልክ ነው፤ ሰማያዊ መስመር ጥቁርና ወፍራም ሆኖ የሚታተምበት ምክንያት በመጀመሪያ እይታ አይገባም። መልሱ ያለው የድሮው ማሽን ላይ ነው። አውቶካድ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ሥዕል የሚታተመው በእስክሪብቶ ፕሎተር ነበር። ማሽኑ እስክሪብቶ አንስቶ ወረቀቱ ላይ እየጎተተ በእውነት ይስላል። ለምሳሌ የዚያ ዘመኑ ኤችፒ 7475ኤ 6 እስክሪብቶ ይይዝ ነበር። ስለዚህ ለሶፍትዌሩ «ቀይ ሲመጣ 1ኛውን እስክሪብቶ፣ ቢጫ ሲመጣ 2ኛውን አንሳ» ማለት ነበረባችሁ። ቀለም ማለት የእስክሪብቶ ቁጥር ማለት ነበር። እስክሪብቶው ቀረ፣ ልማዱ ግን ቆየ። በአውቶካድ 2000 ጊዜ ይህ ልማድ ሲቲቢ የሚባል የራሱ ፋይል ተሰጠው። ፋይሉ ውስጥ 255 ቀለሞች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ውፍረት፣ የራሱ የህትመት ቀለም አለው።

ከሲቲቢ ጎን ኤስቲቢ የሚባል ሌላም አለ። እሱ ከቀለም ጋር አይያያዝም፤ ለእያንዳንዱ ሌየር (ግድግዳ፣ በር፣ ጽሑፍ ለየብቻ የሚቀመጡበት ንብርብር) «ወፍራም»፣ «ቀጭን» የሚል ስም ያለው ስታይል ትሰጣላችሁ። በሐሳብ ደረጃ የተሻለው እሱ ነው ብል አልዋሽም። ግን ከስትራክቸር፣ ከኤሌክትሪክ፣ ከሳኒተሪ ባለሙያ ጋር ፋይል የምትቀባበሉ ከሆነ ሌላው ሰው የሚጠቀመውን ተጠቀሙ። እኔ የሚደርሰኝ ፋይል ሁሉ ማለት ይቻላል ሲቲቢ ነው። ስለዚህ በእሱ እንቀጥል።

ፋይላችሁ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ፒስታይልሞድ ብላችሁ ጻፉ። 1 ካለ ሲቲቢ ነው። 0 ካለ ኤስቲቢ ነው፤ ኮንቨርትፒስታይልስ የሚለው ትእዛዝ ወደ ሲቲቢ ይቀይረዋል። ሲቀይር ለሌየሮቹ የተሰጡትን የስታይል ስሞች ያጠፋል፤ ስለዚህ ኮፒ አስቀምጡ።

መጀመሪያ በእርሳስ

አሁን ኮምፒዩተሩን ተዉትና ባዶ ወረቀት አምጡ። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሶፍትዌሩን ከፍቶ ለቀይ 0.2፣ ለአረንጓዴ 0.3 እያለ በግምት ይሞላል። በመጨረሻ ዘጠኝ ዓይነት ውፍረት ይኖረዋል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ዓይን የሚለየው ሦስቱን ብቻ ይሆናል።

በእጅ የሳሉ ሰዎች የራፒዶግራፍ እስክሪብቶዎቹን ያስታውሳሉ፦ 0.13፣ 0.18፣ 0.25፣ 0.35፣ 0.50፣ 0.70፣ 1.0 ሚሊ ሜትር። ቁጥሮቹ እንዲሁ የተመረጡ አይደሉም። እያንዳንዱ ከፊቱ ካለው በ1.4 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ በትክክል ሲነገር በሁለት ካሬ ሩት። የወረቀት መጠኖቹም የሚበላለጡት በዚያው ነው፤ የኤ2 ጎን በ1.4 ሲባዛ የኤ1 ጎን ይሆናል። ስለዚህ ኤ1 ላይ የተሣለው ወደ ኤ2 ሲቀነስ የ0.50 መስመር 0.35 ይሆናል፣ 0.35ቱ ደግሞ 0.25። እስክሪብቶዎቹ አንድ ደረጃ ዝቅ አሉ እንጂ ሥርዓቱ አልፈረሰም። እኔ ይህን ሳውቅ በጣም ነበር የገረመኝ። ከዚህ ዝርዝር አትውጡ።

ለእኛ ቤት ፕላን የምጠቀምበት ይህ ነው፦

ማጀንታ፣ ቁጥር 6፣ 0.70፦ የሴክሽን መቁረጫ ምልክትና የወረቀቱ ፍሬም።
ሰማያዊ፣ ቁጥር 5፣ 0.50፦ በፕላኑ የተቆረጠ ነገር ሁሉ፤ ግድግዳና ኮለን (ምሰሶ)።
ሳያን፣ ቁጥር 4፣ 0.35፦ ደረጃ፣ የበረንዳ ጠርዝ።
አረንጓዴ፣ ቁጥር 3፣ 0.25፦ በርና መስኮት።
ነጭ፣ ቁጥር 7፣ 0.25፦ ጽሑፍ።
ቢጫ፣ ቁጥር 2፣ 0.18፦ ልኬትና የቤት ዕቃ።
ቀይ፣ ቁጥር 1፣ 0.18፦ የአክሲስ (የኮለኖች መሃል) መስመር።
ግራጫ፣ ቁጥር 8፣ 0.13፦ ሴራሚክና ሌላ ሃች (የመሙያ ጥለት)።
ቁጥር 252፦ የኮለን ሙሊት፤ እሱን ለብቻው እናየዋለን።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ፕላን ማለት ቤቱን በቢላዋ አግድም ቆርጦ ከላይ እንደማየት ነው፤ ቢላዋ የነካው ወፍራም ነው። ከቢላዋው በታች ሆኖ የሚታየው መካከለኛ ነው። ወለል ላይ የተነጠፈው ቀጭን ነው። ፎርማኑ ወረቀቱን በክንድ ርቀት ሲይዘው ቀድሞ ዓይኑ ውስጥ መግባት ያለበት ግድግዳው ነው።

0.13 እና 0.18 ላይ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። በአንድ ኢንች 600 ነጥብ የሚያትም ሌዘር ፕሪንተር አንድ ነጥቡ 0.042 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 0.13 ሦስት ነጥብ ነው፣ 0.18 አራት። ልዩነታቸው አንዲት ነጥብ ናት። በ0.18 እና በ0.50 መካከል ግን ስምንት ነጥብ ያህል አለ። ወረቀቱ እንደገና ፎቶ ኮፒ እንደሚደረግ ካወቃችሁ ደግሞ 0.13ን ጭራሽ ተዉትና ከ0.18 ጀምሩ። የኮፒ ማሽን መጀመሪያ የሚበላው ቀጭኑን ነው።

ሌየሮቹን ማጽዳት

ሲቲቢ የሚያየው ቀለምን ብቻ ነው። የሌየር ስም አያውቅም። ስለዚህ ግድግዳ ሌየር ላይ ሆኖ ለብቻው ቀይ የተቀባ መስመር ካለ እንደ አክሲስ ቀጥኖ ይታተማል። ፕሮፐርቲስ ውስጥ የሁሉም ዕቃ ቀለም ባይሌየር (የሌየሩን ቀለም የሚከተል) መሆን አለበት። ከሌላ ሰው የመጣ ፋይል ከሆነ ሴትባይሌየር የሚለው ትእዛዝ ዕቃዎቹን በአንድ ጊዜ ይመልሳል። ብሎኮችም ይካተቱ እንደሆነ ይጠይቃችኋል። እኔ አዎ እላለሁ፣ ግን ወዲያው የሶፋና የሽንት ቤት መቀመጫ ብሎኮቹን አያለሁ፤ አንዳንዴ ያልጠበቅሁት ይቀየራል።

ሌላው ወጥመድ ትሩ ከለር ነው። የሌየር ቀለም ስትመርጡ መስኮቱ ሦስት ገጽ አለው። መምረጥ ያለባችሁ ከመጀመሪያው፣ ኢንዴክስ ከለር ከሚለው ነው። ከትሩ ከለር ወይም ከከለር ቡክ የተመረጠ ቀለም በሲቲቢው 255 ውስጥ ስለሌለ ጥቁር ይሁን ብትሉትም በራሱ ቀለም ይታተማል። «ሁሉንም ጥቁር አድርጌ ይሄ ብርቱካናማ ከየት መጣ?» የሚባለው ከዚህ ነው።

ሲቲቢውን መሥራት

ስታይልስማኔጀር ብላችሁ ኢንተር በሉ። አንድ ፎልደር ይከፈታል። ውስጡ አካድ፣ ግሬይስኬል፣ ሞኖክሮም የሚሉና ሌሎች የሲቲቢና የኤስቲቢ ፋይሎች አሉ። አዲስ የሚሠራ ዊዛርድም አለ፤ አልጠላውም፣ ግን አጭሩ መንገድ ሞኖክሮም የሚለውን ሲቲቢ ኮፒ አድርጎ እዚያው ፔስት ማድረግና ስሙን መቀየር ነው። ሞኖክሮም 255ቱንም ቀለሞች አስቀድሞ ጥቁር አድርጓቸዋል። ግማሽ ሥራ ተጠናቀቀ ማለት ነው። ዋናውን ሞኖክሮም ግን አትንኩ። አንድ ቀን የሌላ ሰው ፋይል በንጹሕ ሞኖክሮም ለማተም ትፈልጉታላችሁ።

ለስሙ ትርጉም ያለው ነገር ስጡት፤ የቢሮው ስም፣ ወረቀቱና ዓመቱ ቢኖርበት ጥሩ ነው። «ፋይናል2» የሚል ስም ሰጥታችሁ በወሩ የትኛው ፋይናል እንደሆነ ብትረሱ ለማንም አቤት አይባልም።

አሁን ፋይሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጉ። ሦስት ገጽ ያለው መስኮት ይከፈታል። ፎርም ቪው የሚለውን ምረጡ። በግራ የቀለሞቹ ዝርዝር፣ በቀኝ ባሕርያቸው አለ።

መጀመሪያ 255ቱንም በአንድ ጊዜ ምረጡ፦ የመጀመሪያውን ጠቅ፣ ወደ ታች ወርዳችሁ ሺፍት ይዛችሁ የመጨረሻውን ጠቅ። ላይንዌት የሚለው ላይ 0.18 ስጧቸው። ይህን የማደርገው ለምን መሰላችሁ? ከዝርዝራችን ውጭ የሆነ ቀለም ሾልኮ ቢገባ ጉዳት እንዳያመጣ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ እየመረጣችሁ የእኛን ዝርዝር ሙሉ፤ ከለር 5፣ 0.50፤ ከለር 6፣ 0.70፤ እያላችሁ።

ሾልከው የገቡትን ማደን ከፈለጋችሁ ተቃራኒውን አድርጉ። የሲቲቢውን ሌላ ኮፒ ሥሩና ያልተመደቡትን ቀለሞች 2.0 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ፕሪቪው ስታዩ ጥፋተኛው ሁሉ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይወጣል።

ቁጥር 252 ላይ ስትደርሱ ስክሪኒንግ የሚለውን ከ100 ወደ 40 አውርዱ። 100 ማለት ሙሉ ቀለም፣ 0 ማለት ነጭ ነው። ኮለኑ ላይ ሶሊድ ሃች ካደረጋችሁና ስክሪኒንጉን ካልቀነሳችሁ ድፍን ጥቁር ሆኖ ይታተማል፤ በላዩ የሚያልፈው የአክሲስ መስመርም ይጠፋል። 40 ላይ ግራጫ ስለሚሆን መስመሩ ከነማቋረጫው ይታያል። ድሮውኦርደር በሚለው ትእዛዝ ሃቹን ወደ ኋላ መላክ አትርሱ።

ላይን ኤንድ፣ ላይን ጆይን፣ ዲዘር፣ ቨርችዋል ፔን የሚባሉትን እንዳሉ ተዉዋቸው። በሥራ ዘመኔ ነክቻቸው የተጠቀምኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ሴቭ ኤንድ ክሎዝ።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ሌየሩ ራሱ ላይ ውፍረት መስጠት እየተቻለ ይህ ሁሉ ለምን? ይቻላል። በሌየር ማኔጀር ላይ ውፍረት ሰጥታችሁ በንጹሕ ሞኖክሮም ማተም ሌላው ጥሩ መንገድ ነው፤ ሞኖክሮም ውፍረቱን ከዕቃው ይወስዳል። ችግሩ ሁለቱን ስትቀላቅሉ ነው። ሲቲቢው ውስጥ ቁጥር ከተጻፈ የሌየሩ ውፍረት አይሰማም፤ አሸናፊው ሲቲቢው ነው። ሌየሩን ቀን ሙሉ ስትቀያይሩ ብትውሉ ወረቀቱ አይለወጥም። አንዱን ምረጡ።

ገጹን ማዘጋጀት

ሌይአውት የሚለውን ታብ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ፔጅ ሴትአፕ ማኔጀር ግቡ፣ ሞዲፋይ በሉ። ፕሪንተሩ ዲደብሊውጂ ቱ ፒዲኤፍ፣ ወረቀቱ አይኤስኦ ፉል ብሊድ ኤ3፣ የሚታተመው ሌይአውት፣ ስኬሉ 1:1። ስኬሉ 1:50 አይደለም እንዴ? አይደለም። ሌይአውቱ ወረቀቱ ራሱ ስለሆነ በልኩ ነው የሚታተመው። 1:50 የሚገባው ቪውፖርቱ (የተሣለው ቤት ወረቀቱ ላይ የሚታይበት መስኮት) ውስጥ ነው። ቤቱን በሚሊ ሜትር ከሳላችሁት ቪውፖርቱ ውስጥ ገብታችሁ ዙም፣ ከዚያ 1/50ኤክስፒ በሉ። በሜትር ከሳላችሁት 20ኤክስፒ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሜትር ወረቀቱ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚያ ቪውፖርቱን ቆልፉት። የመዳፊቷ ጎማ አንዴ ከተነካች ስኬሉ ገደል ገባ።

በቀኝ በኩል ፕሎት ስታይል ቴብል በሚለው ሥር የሠራችሁትን ሲቲቢ ምረጡ። እዚያው ያለውን ዲስፕሌይ ፕሎት ስታይልስ ምልክት አድርጉበት፤ ሌይአውቱ ስክሪን ላይ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ውፍረቱን እዚያው ለማየት ኤልደብሊውዲስፕሌይን ክፈቱ። ዝቅ ብሎ ደግሞ ፕሎት ዊዝ ፕሎት ስታይልስ የሚል አለ። ይህ ምልክት ከሌለው እስካሁን የሠራነው ሁሉ ውሃ በላው። «ሲቲቢውን መርጫለሁ ግን ምንም አልተለወጠም» የሚል ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

ስኬል ላይንዌትስ የሚባለውም አለ። በ1:1 ስታትሙ ለውጥ አያመጣም። የኤ1 ሌይአውት ለማየት ያህል ኤ3 ላይ ስታትሙ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ምልክት ካደረጋችሁበት ውፍረቱም በግማሽ ይቀንሳል፣ ሥዕሉ እንዳለ ያነሰ ይሆናል። ካላደረጋችሁ ሥዕሉ ሲያንስ መስመሩ 0.50 ላይ ይቆማል፤ ጥቅጥቅ ያለ ሃች ጭቃ ይመስላል።

የተቆራረጡ መስመሮች

ከውፍረት ቀጥሎ ሰውን የሚያማርረው ይህ ነው። አክሲሱ ሴንተር የሚባል ላይንታይፕ (ረጅምና አጭር ቁራጭ የሚፈራረቅበት የመስመር ዓይነት) ተሰጥቶታል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ቀጥ ያለ ሙሉ መስመር ሆኖ ይወጣል። ወይም ቪውፖርት በቪውፖርት ይለያያል።

የቁርጥራጩን ርዝመት የሚወስኑት ትእዛዞች ሥርዓት ይህ ነው። ኤልቲስኬል 1። ፒኤስኤልቲስኬል 1። ከዚያ ሥዕሉን የሚያድሰው ሪጀንኦል። በቃ። ፒኤስኤልቲስኬል 1 ሲሆን የቁርጥራጩ ርዝመት የሚለካው በወረቀቱ ሚሊ ሜትር ነው። ቤቱን በሜትር ሳላችሁት በሚሊ ሜትር፣ ቪውፖርቱ 1:50 ሆነ 1:100 ወረቀቱ ላይ እኩል ይወጣል። ልብ በሉ፣ ይህ ቁጥር የሚቀመጠው ለእያንዳንዱ ሌይአውት ለየብቻው ነው። አምስት ሌይአውት ካላችሁ አምስቱንም ግቡና እዩ።

ቀጥሎ የላይንታይፑ ፋይል። አውቶካድ ሁለት አለው፤ አካድ የሚባለው ለኢንች፣ አካድአይኤስኦ የሚባለው ለሚሊ ሜትር። ሴንተር በሚሊ ሜትሩ ፋይል ረጅሙ ቁራጭ 31.75፣ ክፍተቱ 6.35፣ አጭሩ ቁራጭ 6.35፣ ሌላ ክፍተት 6.35 ነው። ሲደመር 50.8 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ኢንች። በኢንቹ ፋይል ግን ያው ሁለት ኢንች «2» ተብሎ ነው የተጻፈው። የእኛ ወረቀት በሚሊ ሜትር ስለሆነ 2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ተጨማድዶ ይገባል፤ ዓይን ደግሞ ሙሉ መስመር ነው ብሎ ያልፈዋል። መድኃኒቱ ላይንታይፕ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ፣ ሎድ ብሎ፣ ፋይሉን አካድአይኤስኦ አድርጎ እንደገና መጫን ነው። ለወደፊቱ እንዳይደገም ሜዠርመንት የሚለውን 1 አድርጉት።

50.8 ሚሊ ሜትር ለኤ3 ረጅም ነው። በእኛ ቤት ላይ አንድ አክሲስ 22 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አራት ጊዜ ብቻ ነው የሚደጋገመው። እኔ ለኤ3 ሴንተር2ን እወስዳለሁ፤ እሱ 28.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከላይ ላለ ቢም ወይም ለጣሪያ ጠርዝ ሂድን2 ጥሩ ነው፤ ቁራጩ 3.2 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ክፍተቱ የዚያ ግማሽ።

ሞዴል ታብ (ቤቱን የምትስሉበት ገጽ) ላይ ግን ሙሉ መስመር ሆኖ ሊታያችሁ ይችላል። በሜትር ሲሳል አንዱ ቁራጭ ብቻ 19 ሜትር ስለሚሆን ከቤቱ ይበልጣል። አትደንግጡ፣ አታስተካክሉትም፤ የሚታተመው ሌይአውቱ ነው። ብዙ ሰው ሞዴሉን ለማሳመር ኤልቲስኬልን ይነካና ሌይአውቱን ያበላሻል።

ብዙ ማጠፊያ ያለው ፖሊላይን (እንደ አንድ ዕቃ ተያይዞ የተሣለ መስመር)፣ ለምሳሌ የአጥር ወይም የድንበር መስመር፣ ቁርጥራጩ በየማጠፊያው እንደገና ስለሚጀምር አጫጭሩ ክፍል ሙሉ ይመስላል። ፖሊላይኑን መርጣችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ላይንታይፕ ጀነሬሽንን አብሩ።

የአማርኛው ጽሑፍ

ይህ የእኛ ችግር ስለሆነ ለብቻው ልበለው። ከአውቶካድ ጋር የሚመጡት ኤስኤችኤክስ ፎንቶች በመስመር የተሠሩ ናቸው፤ ሲቲቢው ያወፍራቸዋል፣ ያቀጥናቸዋል። ቁመቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ለሆነ ጽሑፍ አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 0.25፣ ጥሩ ነው። አማርኛ ግን የለባቸውም። ፊደላችን የሚጻፈው እንደ ኒያላ ወይም ኢብሪማ ባሉ ትሩታይፕ ፎንቶች ነው፤ እነሱ ደግሞ ሙሊት ስለሆኑ ሲቲቢው ውፍረታቸውን አይነካም። ቀለማቸውን ብቻ ነው የሚወስነው። ስለዚህ የርዕስ ሳጥኑ ላይ «የባለቤት ስም» የሚለው ከጎኑ ካለው እንግሊዝኛ ገዝፎ ቢታያችሁ 0.25ን በመቀነስ አትድከሙ። ፎንቱን ወይም ቁመቱን ቀይሩ። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ደግሞ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ይሆናል። ደግማችሁ በዩኒኮድ ጻፉት።

መሞከሪያው ወረቀት

ፕሪቪው ተመልከቱ፣ ግን አትመኑት። ፒዲኤፉንም አትመኑት። አክሮባት ቀጫጭን መስመሮችን አወፍሮ የሚያሳይበት ማስተካከያ አለው፤ 0.13 ስክሪኑ ላይ የ0.25 ወንድም ሊመስል ይችላል። እውነቱን የሚናገረው ወረቀት ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ትርፍ ሌይአውት ላይ በእያንዳንዱ ቀለም አንዳንድ 10 ሳንቲ ሜትር መስመር እስላለሁ። አጠገቡ የቀለሙን ቁጥርና ውፍረት እጽፋለሁ። ከሥር አንድ ቁራጭ ግድግዳ ከነሴራሚኩ፣ ከነልኬቱ አስቀምጣለሁ። ዋናው ሥራ በሚታተምበት በዚያው ማሽን ላይ አትማለሁ። ሌዘሩና ፕሎተሩ አንድ ዓይነት አያወጡም፤ ቶነሩ ያለቀበት ደግሞ ሌላ ነው። ሴራሚኩ ከጠፋ 0.13ቱን ወደ 0.18 ከፍ አድርጉ። ግድግዳው ካልጎላ 0.50ን ከማሳደግ በፊት ቀጫጭኑን ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ግድግዳው መቅጠኑ ሳይሆን ዙሪያው መወፈሩ ነው።

አንድ መስመር ብቻ ለብቻው ያበጠ ከሆነ ፖሊላይን መሆኑን እዩ። ፖሊላይን የራሱ ዊድዝ (ስፋት) ከተሰጠው ሲቲቢውን ትቶ በዚያ ይታተማል። ዊድዙን 0 አድርጉት። ጭራሽ ያልታተመ ነገር ካለ ደግሞ ዴፍፖይንትስ ሌየር ላይ ተስሎ ይሆናል፤ ያ ሌየር ስክሪን ላይ ይታያል እንጂ አይታተምም። ካልሆነ የሌየሩ የፕሪንተር ምልክት ተዘግቷል።

ወደ ማተሚያ ቤት

የሚወሰደው ፒዲኤፍ ነው። ፒዲኤፍ ውስጥ ውፍረቱም ፎንቱም አብሮ ይገባል። «ዲደብሊውጂውን (የአውቶካዱን ፋይል) ስጡን» ካሏችሁ ኢትራንስሚት በሚለው ትእዛዝ አሽጉት፤ ሲቲቢው፣ ፎንቱና ኤክስሬፉ (ከሥዕሉ ጋር የተያያዘው ሌላ ፋይል) አንድ ዚፕ ውስጥ ይገባል። ፎንቶችን የማካተቻው ምልክት ትራንስሚታል ሴትአፕስ ውስጥ ነው፤ መመረጡን አረጋግጡ። እዚያ የሚቀበላችሁ ልጅ ሲቲቢውን ወደ ማሽኑ ፕሎት ስታይል ፎልደር ካላስገባው ግን ማሸጉ ብቻውን አይጠቅምም። ስታይልስማኔጀር ብሎ ፎልደሩን እንዲከፍት ንገሩትና እዚያ ፔስት ያድርገው።

ለልጁ ሌላም ነገር ንገሩት፤ ከፒዲኤፉ ሲያትም «ፊት» (ከወረቀቱ ጋር አስማማ) የሚለውን ሳይሆን «አክቹዋል ሳይዝ» የሚለውን ይምረጥ። «ፊት» ካለ ሥዕሉ በጥቂቱ ያንሳል፣ 1:50 መሆኑም ቀረ። ለዚህ ሲባል ፍሬሙ ጥግ ላይ ልክ 100 ሚሊ ሜትር የሆነች መስመር እተዋለሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ ቀሪው ሳይታተም ማስመሪያ አስቀምጡባት። 97 ካለች ማሽኑን አስቁሙት።